የዓሣ ገንዳ በቤት ውስጥ የት ይቀመጥ?

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ መመልከት ለዓይን ደስታን፥ ለአእምሮም ትምህርትን ይሰጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው፥ ዓሣና የውኃ ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ ተረዳድተው መኖር እንደሚችሉ ገለጠ፤ በ1853ም በለንደን ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ በብዙ አገር ተስፋፍቶ፥ ዛሬ በአዲስ አበባም በአንዳንድ ሳሎን ውስጥ ይታያል።

ስለ ዓሣ ዓይነትና ስለ ምግቡ ብዙ ይነገራል። እኔ ግን ለማስረዳት የምፈልገው ገንዳው ስለሚቀመጥበት ሥፍራ ነው። ሥፍራው ብዙ ጊዜ የሚመረጥ ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ሊመረጥ የሚገባው ግን በየሳምንቱ ለሚያጸዳው እጅ ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ዓሣ በሚተነፍስበት ውኃ ውስጥ ቆሻሻውንም ይጥላል። ከዚህም አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንስ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ግን እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፥ በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን መለወጥ ያስፈልጋል። እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ገንዳ «ነገ አጸዳዋለሁ» እየተባለ ይቆያል፤ ዕዳውን የሚከፍለውም መናገር የማይችለው ዓሣ ነው።

እንግዲህ ሥፍራ ሲመረጥ የሚከተሉትን ማሰብ ይገባል።

አንደኛ፥ ክብደት። ርዝመቱ 80፥ ወርዱ 35፥ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፥ ውኃው ብቻውን ከአንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል፤ መስተዋቱና ጠጠሩ ሲጨመሩበት ከ130 ኪሎ ያልፋል። ከተሞላ በኋላ መግፋት ስለማይቻል፥ ቦታው ባዶ ሳለ ይወሰን። ጠረጴዛው ጠንካራ ይሁን፤ ደልዳላነቱም በውኃ ልክ ይታይ። ያዘነበለ ገንዳ መስተዋቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛ፥ ክፍት ቦታ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ቢርቅ ቱቦውና ሽቦው ያልፋል፥ እጅም ገብቶ ከበስተኋላ ይወለውላል። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ካልተተወ መረብም ሆነ እጅ እስከ ጠጠሩ አይደርስም፤ ስለዚህ በቡፌ መደርደሪያ መካከል ማስገባት አይበጅም። ከፊት ለፊትም አንድ ሰው ከነባልዲው የሚቆምበት አንድ ሜትር ያህል ይተው።

ሦስተኛ፥ ከፍታ። ቆሻሻ ውኃ የሚወጣው በቀጭን ጎማ ነው። ጎማው በውኃ ተሞልቶ አንዱ ጫፍ በገንዳው፥ ሌላው በባልዲው ሲገባ፥ ውኃ ከላይ ወደ ታች በራሱ ይወርዳል። ይህም የሚሆነው ባልዲው ከገንዳው ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠረጴዛ መልካም ነው።

አራተኛ፥ ብርሃንና ጭስ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ውኃውን ያሞቃል፥ አረንጓዴ አልጌም ያበዛል። የአየር መንፊያው የክፍሉን አየር ወደ ውኃው ስለሚያስገባ፥ ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጤስበት ጥግ ይራቅ። የተባይ መድኃኒት በአጠገቡ ከቶ አይነፋ።

አምስተኛ፥ ኤሌክትሪክ። ሽቦው ከሶኬቱ በታች ረገብ ብሎ ተመልሶ ወደ ላይ ቢወጣ፥ የሚንጠባጠበው ውኃ ወደ ሶኬቱ ሳይደርስ መሬት ላይ ይወድቃል። እጅ ከመግባቱ በፊት መሣሪያው ሁሉ ከሶኬት ይነቀል።

በአዲስ አበባ ለምንኖር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃ የሚይዘውም ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። መብራት ሲጠፋ የአየር መንፊያው ይቆማል። በዚያን ጊዜ ዓሣውን የሚረዳው በጆግ ከገንዳው እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ ነው፤ ይህንንም በጨለማ ለማድረግ የሚቻለው የገንዳው አፍ ለእጅ የተመቸ እንደሆነ ብቻ ነው።

ጓደኞቼና ወላጆች ሆይ፥ ገንዳ ከመግዛታችሁ በፊት መጠኑን የሚያክል ባዶ ካርቶን በታሰበው ቦታ አስቀምጡ። ከዚያም ባልዲ ይዛችሁ ቁሙ፥ ክንዳችሁንም እስከ ካርቶኑ ወለል አግቡ፥ ከበስተኋላው ያለውን ግድግዳ ንኩ። ይህ ሁሉ ሳያስጨንቅ ከተቻለ ሥፍራው ተገኝቷል፤ ካልተቻለም ካርቶን ማንሳት ቀላል ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፥ ውኃው ከመሞላቱ በፊት የእጅ መንገድ ይዘጋጅ።