የምርጫ ክልል በአባያ ዳር

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚሄድ ተሳፋሪ የአባያን ሐይቅ በቀኙ፣ የጋሞን ደጋ በግራው እያየ በብርብር በኩል ያልፋል። ደገኛውና የሐይቅ ዳር ሙዝ አምራቹ የሚገናኙት ገበያ ላይ ነው፤ ለፓርላማ አንድ ተወካይ ይምረጡ ወይስ ሁለት የሚለውን የሚወስነው ግን የምርጫ ክልል አከላለል ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፤ ከእነዚህ ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቁ ናቸው። ዛሬ ያሉት መቀመጫዎች 547 ስለሆኑ ለጭማሪ የቀረው ቦታ 3 ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አካባቢ ሕዝቡ ስለበዛ መቀመጫ ይጨመርለት ከተባለ፣ እነዚያ 3 ካለቁ በኋላ ከሌላው መቀነሱ አይቀርም። የአከላለል ክለሳን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

አሠራሩ በአንቀጽ 103 ሰፍሯል። የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ምርጫውን የሚያስፈጽመው አካል የመጨረሻውን መስመር ብቻውን አለማስመሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን መነሻው ቆጠራው ነው፤ የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተደረገው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው።

ያን ጊዜ የጋሞ ጎፋ ዞን ሕዝብ 1.59 ሚሊዮን፣ የአርባ ምንጭ ከተማ ደግሞ 74,879 ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሞና ጎፋ ለየብቻ ዞን ሆነዋል፣ እንደ ገረሴና ጋጮ ባባ ያሉ አዳዲስ ወረዳዎች ተፈጥረዋል፣ በ2015 ዓ.ም. ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላም ክልሉ ራሱ ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሏል። የአስተዳደር ወሰን ፈጥኖ ይቀየራል፤ የምርጫ ክልል ግን ቆጠራ ይጠብቃል። ጉዳዩን በአዲሱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያስፈጽም ገበሬ ለፓርላማ በቀድሞው የምርጫ ክልል ድምፅ ሊሰጥ ይችላል።

ምርጫ ጣቢያ መጨመር መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1,500 መራጭ ነው፤ ጣቢያ ሲበዛ ሰልፍ ያጥራል፣ መንገድም ይቀርባል። የድምፁን ክብደት ግን አይለውጥም። በአንድ የምርጫ ክልል 60 ሺህ፣ በሌላው 180 ሺህ ሕዝብ ቢኖርና ሁለቱም አንድ አንድ ተወካይ ቢልኩ፣ የኋለኞቹ ድምፅ የፊተኞቹን ሲሶ ብቻ ይመዝናል።

ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም። ጋሞ ከጥንት ጀምሮ ደሬ በሚባሉ ማኅበረሰቦች ተከፋፍሎ፣ በዱቡሻ አደባባይ ተሰብስቦ ሲመክር የኖረ ሕዝብ ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ ከሐይቁ በላይ ባለችው ኦቾሎ ያጠናው ይህንኑ የጉባኤ ሥርዓት ነበር። እነዚህን ማኅበረሰቦች መሀል ለመሀል የሚቆርጥ መስመር፣ ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ አብሮ የሚመክረውን ሰው ለየብቻ እንዲመርጥ ያደርጋል። በአባያ ውስጥ ባለችው ጊዲቾ ደሴትና በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ባይሶዎች ደግሞ በቁጥር ትንሽ ስለሆኑ በየትኛውም የምርጫ ክልል ውስጥ ተውጠው ሊቀሩ ይችላሉ።

ቆጠራው ሲካሄድ፣ ረቂቁ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ካርታው በብርብር፣ በጨንቻና በኦቾሎ ተለጥፎ የአካባቢው ሰው አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። ለጊዲቾም ቅጂው በጀልባ ይሂድ።