የዛፍ ኮርቻ ዳሌ ሲቆነጥጥ… ገመድዎን ከመፍታትዎ በፊት!

"ባሌ ዛፍ ላይ እየዋለ ተቸገርኩ" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ይህ የመጀመሪያው ነው። ባል መጠጥ ቤት አመሸ፣ ባል ቁማር ሲጫወት አደረ፣ ባል ሌላ ጎጆ ቀለሰ… ይህንን ለምደነዋል። ከወደ አሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ የጻፈችልን እህታችን ግን የምሯን ነው። ባለቤቷ የሥራ ባልደረባው አስለምዶት አጋዘን አዳኝ ሆኗል። የአደን ወቅት ሲመጣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ይውላል። ማታ የሚመለሰው እያነከሰ ነው። ጭኑ ይደነዝዛል፤ ዳሌውን በቅባት እሽልኝ ይላታል። ይህንንስ ችላው ነበር። ያስደነገጣት በቀደም ሳያስበው ያመለጠው ቃል ነው። "ሲብስብኝ እኮ ገመዱን ፈትቼ ትንሽ እንጠራራለሁ" አላት። መሬቱ ከእግሩ ሥር 6 ሜትር ይርቃል! ጥያቄዋ አጭር ነው፤ "አቁም ልበለው ወይስ መላ አለው?"

መላ አለው። ሕመሙ የአዳኝነት ዕዳ አይደለም፤ የገመድ ልክ ጉዳይ ነው። ያው አንድ ኮርቻ አንዱን ሰው እንደ አልጋ ሲያስተኛው ሌላውን ያስለቅሰዋል። ኮርቻው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ከሰውየው ቁመትና ዳሌ ጋር ስላልተስተካከለ ነው። ነገሩ ደግሞ ከምቾት ያልፋል። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ሕመሙ ሲጠናበት ጤነኛ ሆኖ የማያደርገውን ያደርጋል፤ ቀበቶ ይፈታል፣ ገመድ ያላላል፣ ካረፈበት ተነስቶ ባንድ እግሩ ይቆማል። በአሜሪካ አዳኞችን ለጉዳት ከሚዳርጉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከዛፍ መውደቅ ነው። ሁሉም የሚፈራው ግን ጥይቱን ነው!

ማማ ሳይሆን ኮርቻ

"ኧረ ለመሆኑ ዛፍ ላይ ኮርቻ ምን ይሠራል?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። የእኛ ገበሬ ማሽላው ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ ለመከላከል ማማ ይሠራል፤ ወንጭፉን ይዞ ከላይ ሆኖ ይጠብቃል። የአሜሪካ አዳኝም ለብዙ ዓመታት የለመደው የራሱን ማማ ነው፤ ከግንድ ጋር የሚታሰር የብረት ወንበር። ማማው ግን ይከብዳል፣ ይንቋቋል፣ ጫካ ድረስ በጀርባ ተሸክሞ መውሰዱም አበሳ ነው። የዛፍ ኮርቻ ይህን ሸክም ያቃልላል።

ኮርቻ ከምንለው አንቀልባ ብንለው ይቀርበው ነበር። ከጠንካራ ጨርቅ ወይም ከመረብ የተሠራ፣ መቀመጫንና የታችኛውን ወገብ የሚያቅፍ ሰፊ ማዘያ ነው። ለብቻው ሲመዘን ከ1 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ከግራና ከቀኝ ዳሌ የሚነሳ አጭር ገመድ አለው፤ ከፊት ለፊት እንደ ቅስት ይገናኛል። አዳኞቹ "ድልድይ" ይሉታል። ድልድዩ ካራቢነር በሚባለው የብረት መቆለፊያ አማካይነት ግንዱን ካቀፈው የዛፍ ገመድ ጋር ይያያዛል። እግር የሚያርፈው ግንዱ ላይ በተጠፈረች ትንሽ የብረት መርገጫ ላይ ነው፤ ኮርቻ ካልን እሷን እርካብ እንበላት። አዳኙ ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ይቀመጣል፤ ግንዱ ራሱ መሸሸጊያ ይሆነዋል።

አሜሪካኖች በቅርብ ዓመታት እንደ አዲስ ነገር ቢያብዱለትም አዲስ አይደለም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንዲህ ዓይነቱ ማዘያ የሚያድኑ ነበሩ። ለእኛም ቢሆን ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ቀፎ ለመስቀል ረጅም ዛፍ የሚወጡ ሰዎች በሐረግ ወይም በገመድ ግንዱን እያቀፉ ነው የሚወጡት። እነሱ ግን ማራቸውን ይዘው ይወርዳሉ እንጂ ከንጋት እስከ ምሽት እዚያው አይውሉም።

አዳኙ የሚውለው ለምንድን ነው? አጋዘን ስንል የእኛን ቀንደ ጠምዛዛ አጋዘን እንዳታስቡ። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና የሚያበቅል ሌላ ዘር ነው። ወንዱ በኖቬምበር ሴት ፍለጋ ይንከራተታል፤ በፍቅር የሰከረ ነውና ጥንቃቄውን ይረሳል፣ በእኩለ ቀንም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አዳኙ ለምሳ ልውረድ ቢል ዕድሉ ሊያመልጠው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እንስሳው የምትንቀሳቀስ ጣት አታመልጠውም። የሚቁነጠነጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢውልም ባዶ እጁን ይመለሳል።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ አጋዘን ከመብዛቱ የተነሳ አስተዳደሩ ራሱ በፓርኮቹ ውስጥ ቀስተኞችን አሰማርቶ ያሳድናል። የሚወረውሩትም ከዛፍ ላይ ሆነው ነው፤ ከላይ የተለቀቀ ፍላጻ ቢስት መሬት ላይ ይተከላልና። ስለዚህ የእህታችን ባል አበደ ተብሎ አይታማ።

የዘንቢሉ ነገር

ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ የዳሌ መቆንጠጥ ነው። አዳኞቹ "ዳሌዬን በጉጠት የያዙኝ ያህል ነው" ይላሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ገበያ የሄደ ሰው ይበቃል። ማንገቻው አጭር የሆነ ዘንቢል ሞልተው ሲያነሱት አፉ ይጨመደዳል፣ ጎንና ጎኑ ይሳባል። ማንገቻው ረዘም ያለው ግን ቀጥ ብሎ ይነሳል። ኮርቻውም እንዲሁ ነው። ድልድዩ አጭር ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ እየሳቡ ዳሌን ይጨምቃሉ። ረዘም ሲል ጉተታው ሽቅብ ይሆንና ጭመቃው ይቀንሳል።

እንግዲህ ድልድዩን ያስረዝሙት። በአንድ ጊዜ አራት ጣት ያህል ብቻ፤ ከዚያ ተቀምጠው ይሞክሩት። ልክ አለው፤ ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ሲቀመጡ ክርንዎን አጠፍ አድርገው ካራቢነሩን መጨበጥ ካልቻሉ በዝቷል ማለት ነው። በቋጠሮ የሚስተካከል ድልድይ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ማቆሚያ ቋጠሮ መኖሩን ሳያዩ አይቀመጡ። ይህ ሁሉ የሚደረገው መሬት ላይ ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ ድልድይ ማርዘም የሞኝ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የዛፍ ገመዱ ከፍታ ነው። እርካቡ ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ገመዱ ግንዱን የሚያቅፍበት ቦታ ግንባርዎ አካባቢ ቢሆን ለመጀመሪያ ደህና ነው። ከዚያ በሰውነትዎ ይፍረዱ። ገመዱ ከፍ ሲል ክብደቱ ወደ መቀመጫ ይሄዳል፣ ወደ ግንዱ ይጠጋሉ፣ መነሳትም ይቀላል። ዝቅ ሲል ወደ ኋላ ይንጋለላሉ፣ ክብደቱም ወደ እግር ይሄዳል። ውስጥ እግሩ የሚቃጠል ሰው ከፍ ያድርገው፤ መቀመጫው የሰለቸው ዝቅ ያድርገው። ግማሽ ስንዝር ብዙ ለውጥ ያመጣል። አንዱ አዳኝ "እኔ እዚህ ነው የማስረው" ብሎ ስለማለ እርስዎም እዚያው ማሰር የለብዎትም፤ የሰው ቁመት እንደ መልኩ ነው።

ሦስተኛው ጨርቁ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የላይኛው ጠርዝ ቀበቶ ከሚታሰርበት አካባቢ፣ የታችኛው ደግሞ ከመቀመጫ ወረድ ብሎ ከጭን ጀርባ ላይ ይሁን። የታችኛው ጠርዝ ጭንን ከቆረጠ እግር ይደነዝዛል፤ በዚህ ጊዜ እርካቡ ላይ ቆም ብለው ጨርቁን ሁለት ጣት ወደ ላይ መሳብ ነው። ወገብ ላይ ከከበደ ወደ ታች። ለሁለት የሚከፈል ኮርቻ ከሆነ አንዱን ከመቀመጫ ሥር፣ ሌላውን ወገብ ላይ አድርጎ መለያየት ለረጅም ሰዓት ተቀማጭ ትልቅ እረፍት ነው። ማንም ኮርቻ ግን አንድ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ አይመችም። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ማንቀሳቀስ ሕመሙ ሳይጀምር ይቀድመዋል፤ ከጀመረ በኋላ ማባበሉ ከባድ ነው።

ስለ ቀበቶ ደግሞ አንድ የሚሳሳቱት ነገር አለ። የወገብ ቀበቶው ሲወጡ ጠበቅ ይላል፤ ከተቀመጡ በኋላ ትንሽ ላላ ቢል ትንፋሽ ይሰጣል። ማላላት እንጂ መፍታት አላልንም! የጭን ጠፍሮቹም ክብደት ለመሸከም የተሠሩ አይደሉም፤ ሰውነት እንዳይሾልክ መያዣ ናቸው። መዳፍዎ በጠፍጣፋው የሚገባበት ያህል ላላ ይበሉ። አጥብቆ አስሮ "ጭኔ ደነዘዘ" ማለት የራስን ጉሮሮ አንቆ አፈንኩ እንደማለት ነው።

ጉልበትስ? ተቀምጠው ሲውሉ ጉልበትዎ ግንዱን ይደገፋል፤ የዛፍ ቅርፊት ደግሞ ምሕረት የለውም። ሊስትሮዎቻችን መንበርከኪያ እንደሚያነጥፉት ሁሉ የጉልበት መከለያ የግድ ነው። ጫማውም ሶሉ ጠንከር ያለ ይሁን፤ በስስ ጫማ ብረት ላይ ቆሞ መዋል ውስጥ እግርን ይፈጃል። እየተፈራረቁ ጥቂት መቀመጥ፣ ጥቂት ቆሞ መደገፍ፣ ጥቂት ወደ ጎን ዞር ማለት… ቀኑ እንዲህ ነው የሚገፋው።

አንድ ቀላል ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ የኋላ ኪስ! ቦርሳ፣ ቁልፍ፣ ስልክ ከኋላ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ዳሌ ቢያምም ኮርቻው ምን አጠፋ? ሌላው ደግሞ በነሐሴ ሙቀት በስስ ሱሪ የተስተካከለ ኮርቻ ነው። በኖቬምበር ብርድ ሦስት ልብስ ተደርቦ ሲለበስ ያ ሁሉ ልኬት ይዛባል። ስለዚህ በአደኑ ቀን የሚለብሱትን ለብሰው፣ ጓሮ ካለ ዛፍ ላይ፣ እግርዎ ከመሬት ሁለት ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀመጡ። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ። እህታችንም እዚህ ላይ ትረዳለች፤ ጨርቁ የቱ ጋ እንደተጨማደደ ከኋላ ሆኖ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋልና።

ሲደነዝዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጭን የውጭ ገጽ ቢነዝርና ቢደነዝዝ ብዙ ጊዜ ከዳሌ በታች የሚያልፍ ነርቭ ተጭኖ ነው፤ ጠባብ ቀበቶና ጠባብ ሱሪም ያመጡታል። ጭነቱ ሲነሳ ይለቃል። ከወረዱ ከሰዓታት በኋላም ካልለቀቀ፣ ወይም እግር ማዘዝ ካቃተ፣ ወይም አንዱ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ ቅባት ማሸት ይቁምና ሐኪም ይየው። አንዱ ባት ብቻ ማበጡ የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ "እስከ ሰኞ ልየው" አይባልም።

ዛፍ ላይ ሳሉ ሲደነዝዝስ? እርካቡ ላይ ይቁሙ፤ ገመዱ እንደታሰረ፣ እንደተወጠረ። ተረከዝዎን ያንሱ፣ ያሳርፉ። ጉልበትዎን ይጠፉ፣ ይዘርጉ። ደረትዎን ከግንዱ አስደግፈው ወገብዎን ያላቁ። ለመንጠራራት ገመድ መፍታት በፍጹም አያስፈልግም፤ ኮርቻው ራሱ ቆሞ ለመንጠራራት ይበቃል። ይህም ካልረዳ መፍትሔው መውረድ ነው። አጋዘኑ ነገም አለ።

ባልየው "ፈትቼ" ያለው እዚህ ላይ ነው የሚያስፈራው። የደነዘዘ እግር ሲቆሙበት ይከዳል። ሰውየው እግሩ እንዳለ ያውቃል፤ እግሩ ግን እሱን አያውቀውም። ገመድ ማላላትም ቢሆን ከመፍታት ብዙ አይሻልም። እነዚህ ገመዶች እንደ ላስቲክ አይለጠጡም፤ ተላልቶ የቆየ ገመድ ሰው ሲወድቅ በድንገት ሲይዝ አጥንት የሚያናውጥ ንጠቃ አለው። ገመዱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ በመጀመሪያ ሲወጡ የተጠቀሙበትን፣ ግንዱን ዞሮ በሁለቱ ጎን የሚታሰረውን የመውጫ ገመድ ማሰር ነው። አንዱ ሳይታሰር ሌላው አይፈታም። ከመሬት ከለቀቁባት ደቂቃ ጀምሮ መሬት እስኪረግጡ ድረስ በአንድ ነገር ታስሮ መገኘት ነው።

እግሩ ከእርካቡ ሾልኮ በአየር ላይ የቀረ ሰው ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። እግሩ ምንም ሳይረግጥ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይከማቻል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ከዚያም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እግር የሚገባበት ቀለበት ያለው አጭር ገመድ እጅ በሚደርስበት ኪስ ይኑር፤ ግንዱ ላይ አስሮ ረግጦ መቆም ሕይወት ነው። ስልክና ፊሽካ ደረት ላይ ይሁኑ። የትኛው ጫካ፣ የትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለሚስት ተነግሮ ይወጣል። እህታችን "አቁም" ከምትለው ይህንን ብትጠይቀው ይበጃል፤ መልስ ከሌለው በር ላይ ታቁመው።

በመጨረሻም ገመዱን ዛፍ ላይ ትቶ መምጣት ይቅር። ብዙዎች "ለሚመጣው ሳምንት ይጠብቀኛል" ብለው ይተዉታል። የአሜሪካ ጫካ ሽኮኮ ግን የሰው ላብ የነካውን ገመድና ጠፍር መቆርጠም ይወዳል፤ ፀሐዩና ዝናቡም ክሩን ያደክመዋል። ሁልጊዜ ከመውጣት በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት መዳሰስ ነው። የተቆረጠመ ወይም የላመ ቦታ ከተገኘ ያ ገመድ ልብስ ማስጫ ይሁን።