አብዮት ወይስ ዙረት?

እንግሊዝኛ የሳይንስ መጽሐፍ ስታነቡ «ሬቮሉሽን» የሚል ቃል ቢገጥማችሁ ቶሎ ብላችሁ «አብዮት» እንዳትሉት። ምድር በፀሐይ ዙሪያ በ365 ቀን ከሩብ ገደማ የምታደርገው ጉዞም ሬቮሉሽን ነው። «የምድር አብዮት» ብለን ብንተረጉመው ግን ምድር በፀሐይ ላይ ያመጸች ነው የሚመስለው! እዚህ ጋ የሚሻለው «ዙረት» ነው። (በራሷ ዛቢያ ላይ በየቀኑ መሽከርከሯ ሌላ ነው፤ እሱ «ሮቴሽን» ይባላል።) የድሮ ሙዚቃ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ፣ ትንሹ ሸክላ «ባለ 45» የሚባለው በደቂቃ 45 ጊዜ ስለሚዞር ነው። ይሄም እዚያው ሬቮሉሽን ውስጥ ነው የሚገባው።

ታዲያ መዞር እንዴት አመጽ ሆነ? ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ወደ ኋላ መንከባለል፣ ዞሮ መመለስ ማለት ነው። ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 በታተመው መጽሐፉ ርዕስ ላይ ሲጠቀምበት የሰማይ ሉሎችን ዙረት ማለቱ ነበር። የሚገርመው፣ መጽሐፉ ምድርን ከመሃል አንስቶ ፀሐይን ስላስቀመጠ ዛሬ ሥራውን «የኮፐርኒከስ አብዮት» እንለዋለን። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ አማርኛ ግን መምረጥ አለበት።

ፖለቲካ ውስጥ ሲገባም የመመለስ ትርጉሙ ቶሎ አልለቀቀውም። እንግሊዞች በ1688 ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ከዙፋን ሲወርድ ነገሩን «ሬቮሉሽን» አሉት። ብዙዎቹ ንጉሡ የጣሰው የቀድሞ ሥርዓት ወደ ቦታው ተመለሰ ብለው ነበር የሚያስቡት። ከ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት በኋላ ነው ቃሉ በዋናነት ወደ ኋላ የማይመለስ ለውጥ መጠሪያ የሆነው።

የእኛው ቃል በሌላ መንገድ ነው የመጣው። «አብዮት» የተገኘው «አበየ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ «እምቢ አለ» ማለት ነው። መዞር የሚባል ነገር የለበትም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ታክሲ ነጂው፣ ወታደሩም ሳይቀር እምቢ ላለበት ለ1966 ዓ.ም. ልክክ ይላል። «የኢንዱስትሪ አብዮት» ስንል ግን ትንሽ ይቸግራል፦ የእንፋሎት ሞተር እምቢ ያለው ማንን ነው? ቢሆንም ቃሉ በልምድ ሰፍቶ፣ ዛሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያመጡት የምርት ዕድገት እንኳ «አረንጓዴ አብዮት» ይባላል።

አዲስ አበባ ውስጥ መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን «አብዮት አደባባይ» ተብሎ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ስሙ ዞሮ መስቀል አደባባይ ሆነ። በድሮው የላቲን ትርጉም ከሄድን፣ ሬቮሉሽን የሚባለው ይሄኛው ነው።