«ድገመው፣ ያልፋል»፦ ስለ ወላዋይ የሶፍትዌር ፍተሻዎች ተረትና እውነታ

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ኩበርኔቲስ ኮንቴይነሮችን፣ ማለትም አንድን ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር የያዙ ጥቅሎችን፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያሰማራና የወደቀውን የሚተካ ሶፍትዌር ነው። በእርሱም ሆነ በእርሱ ላይ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይ የሚደረግ ለውጥ በአውቶማቲክ ፍተሻዎች ካላለፈ ስለማይታመን፣ ኮዱ ሳይነካ አንዴ የሚያልፍና አንዴ የሚወድቅ ወላዋይ ፍተሻ የሥራውን መተማመኛ ይሸረሽራል።

ተረት፦ «ተደግሞ ካለፈ ችግር የለም።»

እውነታ፦ ይህ እምነት ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በአብዛኛው ሱዳን እንደታየው ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ኮንቴይነሩን ከሩቅ መዝገብ የሚያወርድ ፍተሻ ኮዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይወድቃል፤ ድግግሞሹም ያኔ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ግን ምክንያቱ ሳይመረመር ድግግሞሽ እንደ ፈውስ ሲቆጠር ነው። ከአሥር አንድ ጊዜ የሚከሰት ስህተት ሦስት ዕድል ቢሰጠውና ሙከራዎቹ አንዱ በሌላው ላይ የማይመረኮዙ ቢሆኑ፣ ከ1000 ጊዜ 999ኙን ሳይታይ ያልፋል።

ለዚህ የኢትዮጵያዋ መተማና የሱዳኗ ገላባት ድንበር ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደኋላ ስለመለሰች፣ በመተማ ከእኩለ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ በገላባት ገና የትናንቱ ቀን አላለቀም። በሁለቱም ወገን ተጓዦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ቢኖርና ፍተሻው የሁለቱ መዝገቦች ቀን አንድ እንዲሆን ቢጠብቅ፣ ከ24 ሰዓት ውስጥ በአንዷ ሰዓት ብቻ ይወድቃል፤ ጠዋት ሲደገም ያልፋል። ስህተቱ ግን እውነተኛ ነው፤ በዚያች ሰዓት ድንበር የተሻገረ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለት ቀን ይመዘገብለታል። መድኃኒቱ ጊዜን በዓለም አቀፉ መለኪያ መዝግቦ የየአገሩን ሰዓት ለእይታ ብቻ ማስላት፣ በፍተሻውም ውስጥ የማሽኑን ሰዓት ትቶ እኩለ ሌሊትን ጨምሮ የተወሰነ ሰዓት መስጠት ነው።

ይህ እየታወቀ ድግግሞሽን ለጀማሪዎች እንደ ሙያ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ማስረጃን መጣልን ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በአፓቼ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከወላዋይ ፍተሻዎች ጥገናዎች 24 በመቶው የሚፈተሸውን ፕሮግራም ራሱን የነኩ ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ እውነተኛ ስህተት ያረሙ ነበሩ።

ተረት፦ «የጥበቃውን ጊዜ ማርዘም ይበቃል።»

እውነታ፦ በዚያው ጥናት 45 በመቶ ያህሉ መወላወል የመጣው ፍተሻው ገና ያላለቀን ሥራ እንዳለቀ በመቁጠሩ ነው። በኩበርኔቲስ ኮንቴይነር እንዲነሳ ማዘዝና ኮንቴይነሩ ለአገልግሎት መዘጋጀቱ ሁለት የተለያዩ ክንውኖች በመሆናቸው፣ አምስት ሰከንድ ወደ አሥር ቢረዝም ሥራ የበዛበት ማሽን አሥሩንም ያልፋል፤ ስለዚህ የሚፈለገውን ሁኔታ በየአፍታው መጠየቅና የመጨረሻ የጊዜ ገደብ ማበጀት ይገባል።

ተረት፦ «ብዙ ጊዜ ስለሚያልፍ ጉዳቱ ጥቂት ነው።»

እውነታ፦ እያንዳንዳቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይመረኮዝ፣ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወድቁ 100 ፍተሻዎች አብረው ሲሮጡ፣ ቢያንስ አንዱ የመውደቁ ዕድል 63 በመቶ ያህል ነው።

ተረት፦ «መሰረዝ ይሻላል።»

እውነታ፦ ተጠያቂና የጊዜ ገደብ ተቆርጦለት ለጊዜው ማግለል ይቻላል፤ መሰረዝ ግን ጥበቃውን ማንሳት ነው።

የእያንዳንዱን መወላወል ምንጭ በአንድ ቀን ማግኘት ሁልጊዜ አይቻል ይሆናል፤ ሆኖም የወደቀውን ፍተሻ የሥራ መዝገብ ማስቀመጥ፣ ፍተሻውን ሥራ በበዛበት ማሽን ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ አስሮጦ ውድቀቱን ማስደገም፣ ከጥገናውም በኋላ በዚያው ጫና እንደገና መፈተሽ ለማንም ቡድን የሚቻል ሥራ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ድግግሞሽን ከማዘዛቸው በፊት ፍተሻው የወደቀበትን ምክንያት ይጠይቁ።