የጋራ መንደር፣ የማን ጥራጊ?

 

ዛሬ የምናነበው ስለ ጥራጊ ነው። «ጥራጊ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» እንዳትሉኝ። ጥራጊ የጤና ነገር ነው። የከብት ነገር ነው። የማሳ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ የጎረቤት ነገር ነው።

ቤት ከቤት የተራራቀ ሲሆን ዐመዱም፣ እበቱም፣ ገለባውም የሚወድቀው እጓሮ ነው። ጓሮው ሰፊ ስለሆነ ጎመኑና ዱባው ይጠቀምበታል። ቆሻሻ ቢበዛም ጉዳቱ ለዚያው ቤት ነው። ቤቶች ሲጠጋጉ ግን ጓሮ ይጠባል። የአንዱ ጓሮ የሌላው ደጅ ይሆናል። እኔ ቤት የተፈለፈለው ዝንብ እናንተ ወጥ ላይ ያርፋል።

አገራችን ይህን በትልቁ አይታዋለች። በ1978 ዓ.ም. በሸዋ መንደር ምሥረታ ሲካሄድ ተራርቆ የኖረ ገበሬ ባንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውሃ በቅርብ ይገኛል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ሰውና ከብት ባንድ ላይ ሲሰበሰብ እበቱም ባንድ ላይ ይከማቻል። ማሳው ሲርቅ ደግሞ ፍግ ተሸክሞ ማድረስ ይከብዳል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ ብዙ ገበሬ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ያ ጊዜ ቢያልፍም ትምህርቱ አላለፈም። ሰውን ማቀራረብ ብቻውን አይበቃም። ጥራጊው የት እንደሚገባ አብሮ መታሰብ አለበት። ዛሬም በሸዋ ሮቢትና በደሴ መንገድ ዳር ባሉ መንደሮች ቤት ከቤት ተጠጋግቷል።

«የሁሉም» ሲባል «የማንም» እንዳይሆን

እስቲ እርሳስ አንሡ። 20 ቤት ያለበት መንደር አለ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት 1 ቅርጫት ጥራጊ ቢያወጣ፣ በሳምንት 20 ቅርጫት ይሆናል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። 20 ጊዜ 52፣ 1040 ቅርጫት! ታዲያ ሰው ሁሉ «የእኔ አንድ ቅርጫት ምን ይጨምራል?» ይላል። በገዛ ደጁ የማይጥለውን በጋራው መንገድ ላይ ይጥላል። ሌላው ያነሣዋል ብሎ ይተወዋል።

ማን ያነሣዋል? ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ፣ የመንደሩንም ጥራጊ እሷው። ይህ ፍርደ ገምድል ነው። ጥራጊው የወንዱም ከሆነ መጥረጊያውም የወንዱ ነው።

በቆላ ይብሳል

ሙቀት ዝንብን ያፋጥናል። በሞቃት አገር የዝንብ ዕንቁላል ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዝንብ ይሆናል። ስለዚህ ጥራጊ በሳምንት አንዴ ካልተቀበረ ወይም ካልተሸፈነ ዝንብ እያረባን ነው ማለት ነው። ዝንብ ተቅማጥ ያመጣል። ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን እየዞረም የትራኮማን በሽታ ያዛምታል።

የወባ ትንኝም እንዲሁ ናት። የወባ ትንኝ የምትራባው በረግረግና በኩሬ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። በፈረንጆች 2016 በአገራችን በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አዲስ የወባ ትንኝ ግን በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጭምር ትራባለች። እንግዲህ የውሃ በርሜል ይከደን። ውሃ የሚያቁር የተጣለ ጣሳና ጎማ ይነሣ።

ፌስታልን ደግሞ ተመልከቱ። ዐመድ መሬት ይሆናል፣ ገለባ መሬት ይሆናል፤ ፌስታል ግን አይበሰብስም። ላም ስትበላው ጨጓራዋ ውስጥ ይቀራል። ሣር እያለ ትከሳለች፤ በመጨረሻም ትሞታለች። የጣለው ሌላ፣ ላሚቱን ያጣው ሌላ! በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢልና ቅርጫት ግን ከአዋጁም በፊት የእኛው ነበሩ።

ለሽንኩርትና ለማሾ የሚረጨው መድኃኒት የመጣበት ዕቃም አለ። ምንም ቢታጠብ ውሃ አይቀዳበት፣ ዘይት አይያዝበት። ልጅ እንዳይጫወትበት ብሱት። ከዚያም የት እንደሚወገድ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። በሮቢ ወንዝ አትጠቡት። ውሃው ከእኛ ዘንድ አልፎ ወደ አዋሽ ሜዳ ይወርዳል፤ ከታችም ሰውና ከብት ይጠጣል። የጋራ ኑሮ ማለት በአጥር የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አብሮ መኖር መድኃኒትም ነው

የቆሻሻ ነገር ሳይያዝ ሲቀር ምን እንደሚያመጣ በአዲስ አበባ ታይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። እኛ ገና ክምሩ ትንሽ ሳለ እንጀምር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለአጨዳ በደቦ ይወጣል። ሰው ሲሞት አብሮ ይቀብራል። ለጥራጊ ጉድጓድ ምነው ደቦ አይወጣ? እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ. በዛፍ ጥላ ሥር 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ከሥር የተቆራረጠ የማሽላ አገዳ፣ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል፣ ከዚያ እበት፣ ስስ ዐመድና አፈር ደርቡ። ውሃ አርከፍክፉበትና ሸፍኑት። በየወሩ አገላብጡት። ከ3 እስከ 4 ወር ጥቁር ፍግ ይሆናል። እኩል ተካፍላችሁ ወደ ማሳ ውሰዱት።

2ኛ. ፌስታልና ጠርሙስ ከዚህ ጉድጓድ አይግባ። ለብቻው ይሰብሰብ።

3ኛ. መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከበላዩም አይሁን። ዐመድ ነስንሱበት፤ ሽታና ዝንብ ይቀንሳል።

4ኛ. ተራ ጻፉ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህ ነው። የ20ውን ቤት ስም በወረቀት ላይ አስፍሩ። በየሳምንቱ ማን መንገዱን እንደሚጠርግ፣ ማን ጉድጓዱን እንደሚሸፍን ይጻፍ። የባልም የሚስትም ስም ይግባ። ወረቀቱን ሁሉ በሚያየው በር ላይ ለጥፉት። በቃል የተያዘ ተራ ይረሳል፣ ያጣላል። የተጻፈ ተራ ግን አያዳላም።

ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ላላነበበው ጎረቤት አንብቡለት። ከዚያ ስብሰባ ጥሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ተራም የአንባቢው ይሁን።