በዝናም አገር የሚታመን እሳት

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ አማን የሚጓዝ ሰው፣ ቡናውንና ጫካውን ገና በቅጡ ሳያይ፣ በሁለቱም ላይ ረቦ የሚጠብቀውን ደመና አስቀድሞ ያገኘዋል። በዚህ ምድር በብዙው ስፍራ በዓመት የሚወርደው ዝናም ከ1500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የበጋው ወራት አጭር ነው፤ በክረምቱ ደግሞ ልብስ በገመድ ላይ ውሎ አድሮ ሳይደርቅ ይቀራል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ይሟሟል፣ የጫማ ቆዳ ሻጋታ ያወጣል። ቡናውንና ኮረሪማውን፣ እንሰቱንና ቀርከሃውን የሚያለመልመው፣ ንቡም ማር የሚቀስምበትን አበባ የሚያወጣው ይኸው ርጥበት ነው፤ ነገር ግን ለምድሪቱ በረከት የሆነው ርጥበት፣ ከቤቱ ርቆ በጫካ ለሚያድር ሰው እሳትን የሚነሣ ባላጋራ ይሆንበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፣ ከአማን ብዙ በማይርቅ ቀበሌ፣ በአንድ የቡና ገበሬ ቤት እንግዳ ሆኜ አድሬ ነበር። በዋዜማው ቀኑን ሙሉ በዝናም ስንጓዝ ውለን በኮቴ ኪስ ያኖርሁት የክብሪት ቀፎ ርሶ ነበርና፣ ጧት ለቡናው እሳቱን እኔ ልለኩስ ብዬ ብነሣ፣ የመጀመሪያው እንጨት ራሱ እንደ ጭቃ ተላቅቆ በቀፎው ጎን ተለቀለቀ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተሰበሩ፤ አራተኛውን እንደ ልጅነቴ ልማድ በፀጉሬ አሽቼ ብጭረው ጥቂት ጤሰና ጠፋ። የቤቱ እመቤት፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ምድጃው ቀረብ ብለው፣ በጉልቻዎቹ መካከል የተከመረውን አመድ በቀጭን እንጨት ገለጥ ቢያደርጉት፣ ከሥሩ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቀይ ፍም ብቅ አለ። ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ፣ ጢስ ሲጠጣ የከረመ የኮባ ቅጠል አውርደው በመዳፋቸው ፈተጉትና በፍሙ ላይ አኖሩት፤ ሁለት ጊዜ በቀስታ እፍ አሉት፤ በሦስተኛው ነበልባል ሆነ።

«እማማ፣ ክብሪት የለዎትም እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣

«ክብሪትማ አለ ልጄ፤ በክረምት ግን አላምነውም። እሳት ተዳፍኖ ሲያድር ነው የሚታመነው» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ የዚያን ጧት ትምህርት ነው፤ ይኸውም የእሳት መለኮሻ የሚመዘነው ዝናም በጣለበት ቀን እንደ ሆነ፣ ከመለኮሻውም ይልቅ አስቀድሞ በደረቅ የተቀመጠው ማቀጣጠያ ሰውን እንደሚያድን ነው። ለሽርሽር ወደ ጫካ የሚወጣ ወጣት፣ ለሥራ ወደ ገጠር የሚላክ ባለሙያ፣ በመንገድ ብልሽት ሌሊቱን በሜዳ የሚያድር ሾፌር፣ ሁሉም ይህን ነገር ከቤቱ ሳይወጣ ሊያስብበት ይገባዋል።

የቀደሙት መምህራን ስለ አርባዕቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ እሳትን ውዑይ፣ ይቡስና ብሩህ፣ ማይን ደግሞ ቈሪር፣ ርጡብና ብሩህ ይሉታል፤ ሁለቱ በብርሃን ቢስማሙም በሙቀትና በይብሰት ይጣላሉ ማለት ነው። የዘመናችን ሳይንስ ይህንኑ ጠብ በሌላ ቋንቋ ያስረዳናል፤ እንጨት ነደደ ስንል በነበልባል የሚቃጠለው ከእንጨቱ በሙቀት ኃይል የሚወጣው ጋዝ ነውና፣ ይህ ጋዝ በሚገባ እንዲወጣ እንጨቱ ከ200 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይኖርበታል፤ በውስጡ ውሃ ካለ ግን፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ሁሉ በማድረቅ ሥራ ላይ ይጠፋል። አንዲት የክብሪት እንጨት ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ የምትቆይ ስለ ሆነች፣ ርጥብ እንጨትን አድርቃ ለመለኮስ ዕድሜዋ አይበቃትም። እንግዲህ የሚታመን መለኮሻ ለመምረጥ የሚሻ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ያቅርብ፤ መሣሪያው ቢርስ ይሠራልን? ነበልባሉ ወይም ፍንጣሪው ስንት ጊዜ ይገኛል? እጅ ደንዝዞና ነፋስ ነፍሶ ሳለስ ሊያዝ ይቻላልን?

ከሁሉ አስቀድሞ ሁላችን የምናውቀው ክብሪት አለ። በ1827 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጆን ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ በሸካራ ወረቀት መካከል ሲጎተት የሚነድ ክብሪት መሸጥ ጀመረ። ከእርሱ በኋላ በነጭ ፎስፎረስ የተሠሩት ክብሪቶች በማንኛውም ሸካራ ነገር ላይ የሚለኮሱ ቢሆኑም፣ መርዛቸው የሠራተኞችን መንጋጋ እያበሰበሰ ብዙ ሰው ስለ ጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. በበርን ከተማ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነጩ ፎስፎረስ ከክብሪት ሥራ እንዲወገድ ተወሰነ። ዛሬ በየሱቁ የምንገዛው ክብሪት እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ የተባለ ስዊድናዊ ባወጣው ሐሳብ የተሠራ ነው፤ በእንጨቱ ራስ ላይ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ውህድ፣ በቀፎው ጎን ላይ ደግሞ ቀይ ፎስፎረስ ከብርጭቆ ዱቄት ጋር ተቀብቶ፣ ሁለቱ ካልተገናኙ እሳቱ እንዳይወለድ ተደርጎአል። ይህ ጥበብ ቤትን ከድንገተኛ ቃጠሎ ጠብቆአል፤ ነገር ግን በዝናም አገር ድካሙ ከዚሁ ይመነጫል፤ ራሱን ከእንጨቱ፣ ቅባቱንም ከቀፎው የሚያያይዘው ሙጫ በርጥበት ይለሰልሳልና፣ እንጨቱ ደረቅ ሆኖ የቀፎው ጎን ቢርስ፣ መቶ እንጨት ቢኖርህ እንኳ ምንም የለህም። ስለዚህ ክብሪትን ለመንገድ የሚይዝ ሰው እንጨቶቹን፣ ከቀፎው ጎን የተቆረጠ ቁራጭም ጨምሮ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ይክተታቸው፤ ራሳቸውንም በቀለጠ ሰም ቢነክራቸው ርጥበቱን ለብዙ ጊዜ ይከላከሉለታል።

ሁለተኛው የጋዝ ላይተር ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ አያያዙ ቀላል፣ ነበልባሉ ለመቶዎች ጊዜ የሚመለስ ስለ ሆነ፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚስተካከለው የለም። ጎማው ቢርስ ለጊዜው ፍንጣሪ ይነሣል እንጂ እስከ መጨረሻው አይበላሽም፤ ውሃውን አራግፎ፣ ጎማውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎና እፍ እፍ ብሎ ደጋግሞ ቢያዞሩት ይመለሳል። ሆኖም ሦስት ነውሮች አሉበት። ቁልፉ በሻንጣ ውስጥ ተጭኖ ቢያድር ጋዙ ሳይታወቅ ያልቃል፤ በእሳት አጠገብ ወይም በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ቢተዉት ሊፈነዳ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ቡቴን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መትነን ስለሚያቆም፣ በስሜን ወይም በባሌ ተራሮች ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት እምቢ ይላል። ለዚህ መድኃኒቱ ላይተሩን ከውስጥ ልብስ ጋር በብብት አሙቆ መያዝ ነው፤ ሲገዙም የጋዙ መጠን ከውጭ የሚታየውን መምረጥ፣ ሻጩ ፊትም አሥር ጊዜ ያህል ለኩሶ መፈተን ይገባል።

ሦስተኛው በአገራችን ገበያ እምብዛም ያልተለመደው፣ ነገር ግን ለዝናም አገር እንደ ተፈጠረ ሊቈጠር የሚገባው የእሳት ዘንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. ካርል አወር ፎን ቬልስባህ የተባለ ኦስትሪያዊ ሊቅ ሴሪየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከብረት ጋር አዋሕዶ፣ ሲፋቅ ፍንጣሪ የሚረጭ ቅይጥ ሠራ፤ ስሙንም ፌሮሴሪየም አሉት። እኛ የላይተር ድንጋይ የምንላት ትንሿ ፍሬ ከዚሁ ቅይጥ የተሠራች ስትሆን፣ የእሳቱ ዘንግ ደግሞ ያው ነገር የጣት ርዝመትና ውፍረት ኖሮት የተበጀ ነው። ከውሃ አውጥተው ቢፍቁት ወዲያው ይፈናጠራል፤ የፍንጣሪው ግለት ወደ 3000 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጋዝ የለውምና አያልቅበትም፣ አንዱ ዘንግ ለሺህዎች ጊዜ ይፋቃል። ይሁን እንጂ ነበልባል አይሰጥም፤ የሚሰጠው ፍንጣሪ ነውና፣ ያን ፍንጣሪ የሚቀበል እጅግ ደረቅና እንደ ጥጥ የላላ ማቀጣጠያ፣ ደግሞም የለመደ እጅ ይሻል። አዲሱ ዘንግ ጥቁር ሽፋን ስላለው ሽፋኑ አስቀድሞ መፋቅ አለበት፤ ሲለኩሱም የቢላውን ጀርባ በማቀጣጠያው አጠገብ ሳያንቀሳቅሱ ይዘው ዘንጉን ወደ ኋላ መሳብ ይሻላል፤ ቢላውን ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ደክሞ የሰበሰበውን ጥጥ በገዛ እጁ ይበትነዋልና።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረው የአባቶች ጥበብም ሊረሳ አይገባውም። ባልጩትን ከብረት ጋር እያጋጩ ፍንጣሪ ማውጣት በብዙ አገር የታወቀ ነበር፤ ከሚዛን ወደ ደቡብ ርቀው በሚገኙት የሱሪ ከብት አርቢዎች ዘንድም ቀጭን በትርን በሌላ ደረቅ እንጨት ላይ ተክሎ በሁለት መዳፍ በማሽከርከር እሳት የማውጣት ልማድ አለ። በትሩ ሲሽከረከር ጠቆር ያለ ዱቄት ይወርዳል፣ ዱቄቱ ይጤሳል፣ ቆይቶም ፍም ይሆናል፤ ፍሙንም በደረቅ ሣር ጠቅልለው እፍ ይሉታል። ይህ ጥበብ ክብርና ጥናት የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ከሕፃንነት ጀምሮ ያልተለማመደው መንገደኛ በጭንቅ ቀን ሕይወቱን ሊጥልበት የሚችል መሣሪያ አይደለም። ጨረርን በመስተዋት አሰባስቦ መለኮስም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ በማይታይበት፣ በዚሁ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በማሻ ጉም ውስጥ የሚሰጠው ጥቅም የለም።

እንግዲህ ምርጫው ምንድር ነው ቢሉ፣ በአንድ መሣሪያ አለመታመን ነው። ለዘወትር ላይተር፣ ለክፉ ቀን የእሳት ዘንግ ወይም በብልቃጥ የታሸገ ክብሪት፣ አንዱ በኪስ ሌላው በሻንጣ ሆኖ ይያዝ፤ ሻንጣው በጎርፍ ቢወሰድ ኪሱ ይቀራል።

ወደ ማቀጣጠያው ስመለስ፣ ይህ የማርና የሰም አገር የሰጠንን አንድ ነገር ሳላመሰግን አላልፍም፤ እርሱም ጧፍ ነው። የጥጥ ፈትልን በሰም ነክሮ የሚሠራው ጧፍ፣ በቤተ መቅደስ ለጸሎትና ለንባብ ሲያበራ የኖረ፣ ሰሙ ውሃን የማያስገባ፣ ቢታጠፍ የማይሰበር፣ ጣት የምታህል ቁራጩ ለደቂቃዎች የምትነድ ነው። የክብሪቱን አጭር ዕድሜ የሚያረዝም፣ ርጥቡን ጭራሮ እያደረቀ እስኪያያዝ የሚታገሥ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ዘንግ የያዘ ሰው ደግሞ ጥቂት ያልተፈተለ ጥጥ በሰም ወይም በቫዝሊን አሽቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ይያዝ፤ ሲፈልግ ጥጡን ቢያላላው ፍንጣሪውን ወዲያው ይቀበላል።

ማገዶውንም ከመሬት አይልቀሙ፤ በመሬት የወደቀ እንጨት ውሃ የጠጣ ነው። ቆሞ የደረቀውን ቅርንጫፍ ሰብረው፣ ልጡን ገፈው ቢሰነጥቁት፣ ከብዙ ቀን ዝናም በኋላ እንኳ ልቡ ደረቅ ሆኖ ይገኛል፤ ልቡን በቢላ ፍቀው እንደ መላጨት ያለ ስስ ፍቅፋቂ ያዘጋጁ። የደረቀ ቀርከሃም ሲሰነጠቅ ፈጥኖ ይይዛል፤ ካረጀ የቡና ተክል ጉንደላ የተረፈው እንጨት ጠንካራ ስለ ሆነ እሳቱ ከጸና በኋላ ይጨመር። በርጥብ መሬት ላይ አስቀድመው የተሰነጠቀ እንጨት አንጥፈው፣ እሳቱን በዚያ ላይ ይመሥርቱ፤ መሬቱ የመጀመሪያዋን ሙቀት እንዳይጠጣት።

ዝናም ደብድቦት የሚንቀጠቀጥ ሰው አስቀድሞ መጠለያ ያብጅ፣ ርጥቡን ልብስ ይለውጥ፣ ቀጥሎም እሳቱን ያንድድ። የወንዝ ውሃ ለመጠጣት የተገደደም በደንብ ከተንተከተከ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ያፍላው። በድንኳን ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ሳያነቃ ይገድላልና። ሲነሡም እሳቱን በውሃ አጥፍተው፣ አመዱን አማስለው፣ በእጅ ጀርባ ቀዝቃዛነቱን ሳያረጋግጡ አይሂዱ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ ምን ያህል ሣርና ዛፍ እንደ በላ፣ እርሱን ለማጥፋትም ከውጭ አገር እርዳታ እስከ መጠየቅ እንደ ተደረሰ እናስታውሳለን።

እኔ ከአማን ከተመለስሁ ጀምሮ፣ በጉዞ ሻንጣዬ ውስጥ ክዳኑ የጠበቀ አንድ ብልቃጥ አይለየኝም። በውስጡ ራሳቸው ሰም የለበሰ 20 የክብሪት እንጨቶች፣ ከቀፎ ጎን የተቆረጠ ቁራጭ፣ እጥፍ እጥፍ ያለ ጧፍና ጥቂት ጥጥ አሉ፤ ላይተሩ በኪሴ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ብልቃጡን ከፍቼ ከእንጨቶቹ አንዷን እጭራለሁ፤ ከያዘች ሌላ ተክቼ እዘጋዋለሁ፣ እምቢ ካለች ሁሉንም እለውጣለሁ። እኚያ እናት ማታ ማታ ፍማቸውን በአመድ የሚዳፍኑት ለማያውቁት ጧት ነበር፤ እኔም ምድጃ ይዤ መጓዝ ባልችል፣ በብልቃጥ እዳፍናለሁ።