የተበተነው ማስታወሻችን እንዴት ይሰብሰብ?



ባለፈው ክረምት እዚህ ቱላ አንድ ተማሪያችን ስለ ውርስ ክፍፍል ጥያቄ አቀረበልን። መልሱን ከዓመታት በፊት ከኡስታዛችን አንደበት ሰምተን በደብተር ማስፈራችንን እናስታውሳለን። ግን በየትኛው ደብተር? ሰባቱንም ሁለት ሌሊት አገላበጥን። በመጨረሻ የተገኘው በጣሪያው ቀዳዳ የገባ ዝናብ ባራሰው ደብተር ውስጥ ነበር፤ የገጹ ግማሽ ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም። ኡስታዛችን ደግሞ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ዳግመኛ ልንጠይቃቸው አንችልም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይመስለንም። በየቤቱ የደርስ ማስታወሻ፣ የልጆች ትምህርትና የቤተሰብ ጉዳይ በየወረቀቱ ተበትኖ ይገኛል። ዕዳ እንዲጻፍ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 የታዘዘ ሆኖ ሳለ፣ የጻፍነውን ወረቀት ያጣን ስንቶቻችን ነን? የወሎና የሐረር ዑለማኦች በእጅ በተጻፉ ኪታቦች ኅዳግ ላይ ማብራሪያ (ሐሺያ) እያሰፈሩ ዕውቀትን ከዕውቀት ያያይዙ ነበር። ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚያግዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ ዊኪ ይባላል።

ዊኪን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም ሲሆን፣ ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው። ዊኪፒዲያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድን ቃል በድርብ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሲጽፉት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ መንገድ ይሆናል። ውርስ የሚከፈለው ዕዳና ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ ነውና፣ «ውርስ» ከሚለው ገጽ ወደ «ዕዳ» እና ወደ «ኑዛዜ» መሻገር ይቻላል። በራስ ኮምፒውተር ላይ ለመጻፍም ኢንተርኔት አያስፈልግም። እኛ ሦስቱን ሞክረናል።

ዚም፦ ነፃ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል፤ የጻፉትንም ራሱ ሴቭ ያደርጋል። መብራት በድንገት ለሚጠፋበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሮጌ ኮምፒውተርንም አያስጨንቅም። ጉድለቱ ለስልክ አለመዘጋጀቱ ነው።

ቲድሊዊኪ፦ ጄረሚ ረስተን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሆነ በፍላሽ ይዘውት ሄደው በማንኛውም ኮምፒውተር ብራውዘር ይከፍቱታል። ሆኖም ረዳት መሣሪያ ካልተጨመረለት ሴቭ ባደረጉ ቁጥር አዲስ ቅጂ ስለሚያወርድ፣ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ያደናግራል። ሥዕል ሲበዛበትም ይከብዳል።

ኦብሲዲያን፦ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሲሆን በስልክም ይሠራል። ገጾቹን በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ ግንኙነታቸውንም በሥዕል ያሳያል። ለግል አገልግሎት አያስከፍልም፤ ነገር ግን ኮዱ እንደ ሁለቱ ክፍት አይደለም፤ ለደካማ ኮምፒውተርም ይከብዳል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በጋራ ለሚጠቀም ቤተሰብ ዚምን እንመርጣለን፤ እኛም የያዝነው እሱን ነው። የራሱ ኮምፒውተር ለሌለው ተማሪ ቲድሊዊኪ፣ ደህና ኮምፒውተርና ስልክ ላለው ወጣት ደግሞ ኦብሲዲያን ይስማማል። ሦስቱም አማርኛን፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ሲዳምኛና ዐረብኛን ይቀበላሉ። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ግን ከአማርኛው ጋር ሳይቀላቅሉ በራሱ መስመር መጻፍ ይበጃል።

የትኛውም ቢመረጥ ሦስት ነገሮች አይዘንጉ። አንደኛ፣ በሁለት ፍላሽ ቅጂ ይያዝና አንዱ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከማን እንደተሰማና መቼ እንደተሰማ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ሥር ይጻፍ፤ ዕውቀት አማና ነውና። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሒፍዝንና ኡስታዝን አይተካም።

እኛ አሁን በየምሽቱ ሁለት ሁለት ገጽ ከደብተሮቹ እየገለበጥን ነው። ከራሰው ገጽ ያልተነበበውን በግምት አልሞላንም፤ ክፍት ትተነዋል። አብረውን የቀሩ ሰዎች ማስታወሻ ይኖራቸው እንደሆነ እየጠየቅን ነው። እናንተም ወላጆቻችሁና ኡስታዞቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፣ ጻፉም። ወሏሁ አዕለም።